አባቴ ያለቅሳል፣ ጎረቤታችን ይስቃሉ፤ ደስታና ሐዘን በአንጎል ጎን ይከፈላሉ?

የቱሉ ዲምቱዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴን ስትሮክ ከመታው ወራት አልፈዋል። የተያዘው ቀኝ ጎኑ ነው፤ እጁም እግሩም። ንግግሩም አብሮ ሄዷል። የምንለውን ይሰማል፣ መልስ ሊሰጥ ሲል ግን ቃሉ አይመጣለትም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው፣ አሁን የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። አንዳንዴ ደግሞ ንድድ ይለውና በደህናው እጁ ማንኪያውን ይወረውራል። እንቅስቃሴ እንሥራ ስንለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

እዚያው ብሎክ፣ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸውንም ስትሮክ መቷቸዋል፤ የእሳቸው ግን ግራ ጎናቸው ነው። እሳቸው ደግሞ "ምንም አልሆንኩም" ባይ ናቸው። ይስቃሉ፣ ያወጋሉ። ሰው ሳይደግፋቸው ሊነሱ ሲሉ ወድቀው ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ስለዚያም ሲጠየቁ ይስቃሉ። ባለቤታቸው ምሳ ሲያቀርቡላቸው አይቻለሁ። ከትሪው በቀኝ በኩል ያለውን ጥርግ አድርገው ይበሉና በግራ በኩል ያለው እንጀራም ወጥም ሳይነካ ይቀራል። ትሪውን ሲያዞሩላቸው "ለካ አለ" ብለው ይቀጥላሉ።

ሰፈሩ እንግዲህ ሁለቱን ያወዳድራል። "ጋሼ እምነታቸው ጽኑ ነው፣ አባትሽ ግን ተስፋ ቆርጧል፣ ምከሪው" ይሉኛል። ሊጠይቁት መጥተው እሱ እየሰማ ይህንኑ የሚሉም አሉ። በጣም ያመኛል። በቀደም ደግሞ ሬዲዮ ላይ "የግራው አንጎል የደስታ፣ የቀኙ የሐዘን ነው" ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የአባቴ ለቅሶ ከሕመሙ ነው ወይስ ከሐዘኑ? የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ፊዚዮ ከገላን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ አባትሽን ይማርልሽ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አዘውትሬ አገኛለሁ። የነገርሽን ነገር ሕክምናው ለረጅም ዘመን ሲያየው የኖረ ነው።

መጀመሪያ ጎኑ ይለይ። አንጎል ሰውነትን የሚያዘው በመስቀልያ ነው፤ ግራው ቀኝ እጅና እግርን፣ ቀኙ ግራን። ስለዚህ አባትሽ የተጎዳው ግራ አንጎሉ ነው። ንግግሩ አብሮ የሄደውም ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራለት ከግራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 "ታን" ከሚል ድምፅ በቀር ምንም መናገር የማይችል ሕመምተኛ ሞቶ አንጎሉን ሲመረምር ጉዳቱን ያገኘው በግራ በኩል፣ ከግንባር ኋላ ነው።

የጋሼ ደግሞ ቀኝ አንጎላቸው ነው። በግራ በኩል ያለውን ወጥ የሚተዉት ዓይናቸው ጠፍቶ አይደለም። ዓይናቸው ያያል፣ አንጎላቸው ግን በግራ በኩል ላለው ነገር ትኩረት አይሰጥም። ሕመማቸውን አለማወቃቸውም ስም የወጣለት ነው። ጆሴፍ ባቢንስኪ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1914 አኖሶግኖዚያ ብሎታል። ጋሼ እየዋሹ አይደለም፣ ራሳቸውን እያጽናኑም አይደለም። "ክንድህ አይሠራም" ብሎ የሚነግራቸው የአንጎል ክፍል ነው የተመታው።

ወደ ስሜቱ ስንመጣ ጊዶ ጋይኖቲ የሚባል የጣሊያን የነርቭ ሐኪም አለ። በ1972 ባወጣው ጥናት አንድ ጎን አንጎላቸው የተጎዳ 160 ሰዎችን ተመለከተ። ግራቸው በተጎዳው ላይ በርትቶ ያየው ለቅሶ፣ ንዴትና "አልሠራም" ማለት ነው፤ በተለይ አንድ ነገር ሞክረው ሲያቅታቸው። ቀኛቸው በተጎዳው ላይ ደግሞ ግድ አለመስጠት፣ ቀልድና ሕመሙን መካድ በዛ። አባትሽንና ጋሼን ቁጭ ብሎ ያያቸው ይመስላል።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልበልሽ። ቁልፍ ያለውን ሸሚዝ ለጊዜው አስቀምጪው፤ በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ይልበስ። እንቅስቃሴ ስታሠሩት ከሚችለው ጀምሩ፣ የሚያቅተውን መሐል ላይ አስገቡ፣ በሚችለው ጨርሱ። እንግዳ ባለበት በፍጹም አታሠሩት።

የሰበታዋ እናት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ የሰፈር ወሬ ይቅርብሽ። ታላቅ እህቴ እንደ አባትሽ ቀኝ ጎኗን ተይዛ ነበር። የገዛ ልጆቿን ስም መጥራት አቅቷት በጣቷ ትጠቁም ነበር። የንስሐ አባቷ መጥተው አቡነ ዘበሰማያትን ሲጀምሩ ግን አብራ ጀምራ እስከ መጨረሻው ወጣችው፤ አንድ ቃል አልሳተችም። ዳነች ብለን ቤቱን በእልልታ አቀለጥነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ውኃ ለማለት እንኳ ቃል አጣች። ነገሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ነፍስ አንድ ናት፣ ግራና ቀኝ የላትም ብዬ ነው የማምነው። እናንተ የተማራችሁት እስቲ ይህን አስረዱኝ።

ፊዚዮ ከገላን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

እናቴ፣ ያዩት ነገር በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ነው። ሂዩሊንግስ ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ የነርቭ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንግግራቸው የጠፋ ሰዎች ሲጸልዩ፣ ሲቆጥሩ፣ አንዳንዴም ሲራገሙ ሰምቶ ጽፏል። ቃል እየመረጡ አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት አንድ ሥራ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሲደጋገም የኖረ ጸሎትና ዜማ ተከታትሎ መውጣት ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚህኛው ግራው ብቻውን አይፈለግም፣ ቀኙም ያግዛል። ቦስተን ውስጥ በ1973 ይህንኑ ይዘው ቃልን በዜማ እያስወጡ ንግግር የሚያስለምዱበት ዘዴ አስተዋውቀዋል። ሁሉንም አይፈውስም፣ የሚረዳቸው ግን አሉ።

ለቱሉ ዲምቱዋም ይህ ይጠቅማታል። አባትሽ የሚወደውን መዝሙር ወይም የድሮ ዘፈን ጠዋት ጠዋት አብረሽው በይ። ድምፁ ሲወጣ ራሱን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል።

መምህር ከቡራዩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ወንድሜ ፊዚዮ ያለው ልክ ነው፤ "ግራው ደስታ፣ ቀኙ ሐዘን" የሚለው የሬዲዮ አባባል ግን ከዚያ ተነሥቶ በጣም ርቆ ሄዷል። ይህን ነገር በደንብ ማየት አለብን፣ ምክንያቱም ሰዎች በሕመምተኛ ላይ የሚፈርዱት በእንዲህ ያለ ግማሽ እውቀት ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ጁን ዋዳ የተባለ ጃፓን ተወላጅ ሐኪም በ1949 ያስተዋወቀው ምርመራ ነው። የሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ንግግር የትኛው ጎን እንዳለ ለማወቅ፣ በአንገት ደም ቅዳ በኩል ማደንዘዣ ሰጥቶ ግማሹን አንጎል ለጥቂት ደቂቃ ያስተኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ የጣሊያን ሐኪሞች፣ ግራው ሲተኛ ሕመምተኛው እንደሚያለቅስና ተስፋ እንደሚቆርጥ፣ ቀኙ ሲተኛ ደግሞ እንደሚስቅ ጻፉ። ከዚህ በመነሣት ግራው ለበጎ ስሜት፣ ቀኙ ለክፉ ስሜት ያደላል ተባለ። ልብ በሉ፣ ግራው ተጎድቶ ሰው ካለቀሰ ሐዘኑ ያለው በተጎዳው ጎን አይደለም። ሁለት ሰው ገመድ ሲጓተት አንዱ ቢለቅ ገመዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አስተሳሰቡ እንደዚያ ነው። ችግሩ ሌሎች ሐኪሞች ያንኑ ምርመራ ሠርተው ለቅሶውንና ሳቁን እንደተባለው አላገኙትም።

ሁለተኛ ነገር። እስቲ በቅን ልብ እንጠይቅ፦ ቀኝ እጁንና አንደበቱን በአንድ ቀን ያጣ ሰው እንዴት አያለቅስም? ሠርቶ የሚበላበት እጁ ነው፤ ቤቱን የሚያዝበት አንደበቱ ነው። መታመሙን የማያውቅ ሰው ደግሞ ስለምን ያለቅሳል? ከሁለቱ ሰዎች ልዩነት አንዱ ክፍል አንጎል ውስጥ ደስታና ሐዘን የት ተቀመጡ ከሚለው ጋር ምንም የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። አንዱ ያጣውን ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ግራው በፊት በኩል ከተመታ ድባቴው ይብሳል የሚለው የሮበርት ሮቢንሰን ሐሳብ በ1980ዎቹ ብዙ ተከታይ ነበረው። በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ የመዘነ ትንተና ግን ጉዳቱ ያለበት ቦታ ድባቴን ይወስናል የሚለውን አልደገፈም።

በየአዳራሹ "አንተ የቀኝ አንጎል ሰው ነህ፣ አንቺ የግራ" እየተባለ ስለሚሰጠው ሥልጠናም ልናገር። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው በአንዱ ጎን የሚኖር ሰው የሚባል ነገር አላገኙም። አንዳንድ ሥራ በአንዱ ጎን ይበረታል፤ ሰው ግን በሁለቱም ነው የሚኖረው። ሁለቱን ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ክር ያስተሳስራቸዋል።

ለገጣፎ ዶሮ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ከርዕሱ ወጣሁ እንዳትሉኝ። ለገጣፎ ዶሮ አረባለሁ። ዶሮዎቼ ጥሬ ሲለቅሙና ጭልፊት ሲያንዣብብ አንገታቸውን የሚያዞሩት በአንድ ዓይነት አይደለም። ሰማይ ላይ የሆነ ነገር ሲያዩ ጭንቅላታቸውን አጋድመው በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት። ይሄ ከምታወሩት ነገር ጋር ይገናኛል? እንቁላሎቼ ማሽን ውስጥ ጨለማ ውስጥ ነው የሚፈለፈሉት። የቄብ ነጋዴ ወዳጄ "ብርሃን ያየ እንቁላል ብልህ ጫጩት ያወጣል" ይለኛል።

መምህር ከቡራዩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ወንድሜ፣ ከርዕሱ አልወጣህም፤ እንዲያውም መሐሉ ገባህ። የወዳጅህም ነገር መሠረት አለው።

አውስትራሊያዊቷ ሌስሊ ሮጀርስ ዕድሜዋን በሙሉ ያጠናችው ይህንን ነው። የወፍ ዓይን ነርቭ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ተቃራኒው የአንጎል ጎን ይሻገራል። ጫጩት በቀኝ ዓይኗ፣ ማለት በግራ አንጎሏ፣ ጥሬውን ከጠጠር ትለያለች። በግራ ዓይኗ፣ ማለት በቀኝ አንጎሏ፣ አዳኝ ትጠብቃለች። ጫጩቷ ልትፈለፈል ጥቂት ቀን ሲቀራት እንቁላሉ ውስጥ የምትተኛው ግራ ዓይኗን ገላዋ ሸፍኖት፣ ቀኝ ዓይኗ ወደ ቅርፊቱ ዞሮ ነው። በቅርፊቱ አልፎ የሚገባው ብርሃን ቀኝ ዓይኗን ብቻ ያገኛል፤ ይህን የሥራ ክፍፍል የሚያጠነክረውም ያ ብርሃን ነው። በ2004 በወጣ ጥናት ብርሃን ያገኙት ጫጩቶች ጥሬ እየፈለጉ በላያቸው የሚያልፈውን የአዳኝ ወፍ ምስልም ይጠብቁ ነበር። በጨለማ የተፈለፈሉት ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ከበዳቸው።

ውሾችም ላይ ታይቷል። በ2007 ጣሊያን ውስጥ 30 ውሾች ጭራቸውን ሲቆሉ ተቀረጹ። ጌታቸውን ሲያዩ ጭራቸው ወደ ቀኝ ያደላል፤ የማያውቁት ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ወደ ግራ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያለው ደስታና ሐዘን አይደለም። ግራው አንጎል ወደ ነገሩ ለመሄድ፣ ቀኙ ለመጠንቀቅና ለመሸሽ ያደላል። ስሜትን በጎና ክፉ ብሎ ከመክፈል ይልቅ ይህኛው አከፋፈል ለእውነቱ ይቀርባል ባይ ነኝ። ለሰውም ሪቻርድ ዴቪድሰንና ናታን ፎክስ ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። በ1982 የ10 ወር ሕፃናትን ራስ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚለካ የኢኢጂ ሽቦ አድርገው የምትስቅና የምታለቅስ ሴት ቪዲዮ አሳዩዋቸው። የምትስቀውን ሲያዩ የግንባራቸው ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቃ። ንዴት ደግሞ ክፉ ስሜት አይደል? ኤዲ ሃርሞን ጆንስና ጆን አለን በ1998 ሲለኩት ቁጡ ሰዎች ላይ የበረታው ግራው ግንባር ነው። ንዴት ክፉ ቢሆንም ወደፊት የሚገፋ ስሜት ነውና።

የቱሉ ዲምቱዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ንዴት ከግራው ከሆነ፣ ግራ አንጎሉ የተጎዳው አባቴ ማንኪያ የሚወረውረው በየትኛው ጎኑ ነው? ደግሞም የሚያለቅሰው ሲያቅተው ብቻ አይደለም። ከጅማ ወንድሙ ሲደውል ድምፁን እንደሰማ ያለቅሳል። ቴሌቪዥን ላይ ሠርግ ሲያይ እንኳ ያለቅሳል፣ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ይፈታል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ወደ ሕክምና ስንወስደው የብሎኩ ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ነው የሚያወርዱት፤ ደረጃው ላይ ሁሉ ያለቅሳል። የቱ የሐዘን፣ የቱ የአንጎል እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

መምህር ከቡራዩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡30

ጥያቄሽ ትክክለኛውን ቦታ ነው የነካው። የኢኢጂው ነገር የጤነኛ ሰዎች አማካይ ልዩነት ነው፤ ትንሽ ማዘንበል ነው እንጂ መቶ በመቶ መከፈል አይደለም። ፍርሃትና ንዴት ሲነሣ የሚነቃው፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሁለት ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ስትሮክ ደግሞ ግማሽ አንጎልን ጠራርጎ አይወስድም፤ የተዘጋው የደም ሥር የሚመግበውን ክፍል ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የአባትሽ ንዴት ባልተነካው የግራ ክፍልም፣ በቀኙም ይነሣል። ከጤነኛ ሰው የተለካውን ወስዶ "አባቴ ስለዚህ ሊናደድ አይችልም" ማለት አይቻልም። ስለ ለቅሶው ዓይነት ግን ከእኔ ይልቅ ታማሚ የሚያክም ሰው ቢመልስልሽ ይሻላል።

ነርስ ከኮተቤ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

አዳር ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው ያየሁት። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። እህቴ፣ የአባትሽን ለቅሶ ሦስት ቦታ ልከፍልሽ እሞክራለሁ፤ ሕክምናው ስለሚለያይ ይጠቅምሻል።

ቁልፉ እምቢ ሲለው የሚመጣውን ፊዚዮ ነግሮሻል። አቅም ከሚጠየቀው ሲያንስ የሚፈነዳ ነው፤ ሥራውን ስታቀሉለት ይቀንሳል።

ሠርግ ሲያይ የሚያለቅሰውና ወዲያው የሚያቆመው ሌላ ነው። ለቅሶንና ሳቅን የሚቆጣጠረው የአንጎል መስመር ሲጎዳ ትንሽ ነገር ይቀሰቅሰዋል፣ ሰውየውም ሊያቆመው አይችልም። አንዳንዶች ሳያስቃቸው ይስቃሉ። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ከየትኛውም ጎን ጉዳት ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አታባብሉት፣ "አይዞህ ምን ሆንክ" እያላችሁ አትክበቡት፤ ወሬ ቀይሩ፣ ውኃ ስጡት። እሱም በልቡ ያፍራልና።

ሦስተኛው ድባቴ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ወደ ሲሶ የሚጠጉት ይይዛቸዋል። ይህን በእንባ አትለኪው። የምትጠይቂው ስለ ቀኑ ነው፤ ጠዋት ምን ሰዓት ይነቃል? ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ጣሪያ ያያል? የሚወደው ምግብ ሲቀርብ ይበላል? የልጅ ልጁ ስትመጣ ደስ ይለዋል ወይስ ለእሷም ፊቱን ያዞራል? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ነገር ሁሉ ካስጠላው ሐኪም ይየው። መናገር ስለማይችል "አዎ" ወይም "አይ" ጭንቅላቱን በማንቀሳቀስ የሚመልሰውን አጭር ጥያቄ ጠይቂው። ሞት ይመኝ እንደሆነም ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አይሁን፣ በዚያው ቀን ሕክምና ውሰጂው።

አሁን ሁላችሁም ልትሰሙኝ የምፈልገው ስለ ጋሼ ነው። ቀኝ አንጎል በሰው ፊትና ድምፅ ላይ ያለን ስሜት በማንበብና በማሳየት ትልቅ ድርሻ አለው። ኤሊዮት ሮስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1981 እንደጻፈው ቀኛቸው የተጎዳ ሰዎች ድምፃቸው ቅላጼ ያጣል፤ ሐዘኑ ውስጣቸው እያለ በድምፃቸው አይወጣም። ስለዚህ ጋሼ እየቀለዱ ድባቴ ሊኖራቸው ይችላል። "ደህና ነኝ" ሲሉ ቤተ ሰቡ ያምናል፣ ሐኪሙም ያምናል፣ ማንም ሳያክማቸው ይቀራል። ባለቤታቸውን ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ምግባቸው ጠይቂልኝ። ሰፈርሽ ጽኑ እምነት የሚለው ነገር የታመመ ሰው ሕመሙ ሳይታይለት መቅረቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ አድርጎ ሁለት ሕመምተኛ ማወዳደር ለሁለቱም ጉዳት ነው።

መውደቃቸውም ይታሰብበት። መታመማቸውን ስለማያውቁ በክርክር አያምኑም። አልጋቸው በቀኝ በኩል እንዲነሡ ሆኖ ይቀመጥ፣ ሲነሡ ሰው አጠገባቸው ይሁን። ምግቡን ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አታምጡላቸው፤ ግራውን እንዲፈልጉት አለማምዷቸው። ትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ አድርጋችሁ "ቀዩን እስኪያገኙ ይብሉ" በሏቸው።

ሥዕል ወዳዱ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

የነርሷ ስለ ፊት የተናገረችው አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ1978 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሃሮልድ ሳክሃይምና ጓደኞቹ የሰውን ፊት ፎቶ መሐል ለመሐል ቆርጠው፣ ግራውን ከግራው መስታወት ምስል፣ ቀኙንም ከቀኙ ጋር ገጠሙት። ተመልካቾች ስሜቱ በረታ ያሉት በግራው የተሠራውን ነው፤ ግራውን ፊት በብዛት የሚያዘው ቀኝ አንጎል ነውና። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1973 1,474 የቁም ሥዕሎችን የቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ግራ ጉንጫቸውን አሳይተው እንደተሣሉ አግኝተዋል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ይሄኛው የአበው ሥርዓት እንጂ ከአንጎል ጋር የሚያያዝ አይደለም። ብቻ ፊትን በግማሽ ማየትና በሙሉ ማየት ለየቅል መሆኑን ሠዓሊዎቻችን በደንብ ያውቁታል።

ግራኝ ከአያት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ግራኝ ነኝ፤ ልጄም ግራኝ ነው። ለእኛ ይገለበጣል?

መምህር ከቡራዩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ንግግርን በተመለከተ ከግራኞች አብዛኞቹ እንደ ቀኞቹ (በቀኝ እጃቸው እንደሚሠሩት) በግራ አንጎላቸው ነው የሚጠቀሙት፤ ጥቂቱ ግን በቀኙ ወይም በሁለቱም። ስሜት ላይ ጄፍሪ ብሩክሻየርና ዳንኤል ካሳሳንቶ በ2012 ያወጡት ጥናት አለ፦ ወደ ነገር የመሄድ ፍላጎት በቀኞች ላይ ከግራው ግንባር ጋር ሲያያዝ፣ በግራኞች ላይ ግን ከቀኙ ጋር ተያይዞ ተገኘ። የአንጎል ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ግራኞችን ያስወጣሉ፤ ስለዚህ እስካሁን የተባለው ሁሉ በዋናነት ስለ ቀኞች ነው። ይህ ተራ ነገር አይደለም። ለድባቴ በመግነጢስ ምት የሚሰጥ ሕክምና በአሜሪካ በ2008 ሲፈቀድ ምቱ የሚሰጠው በግንባሩ ግራ በኩል ነው። ግራኝ ለሆነ ሰው ቦታው ይለያይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የልጅህን እጅ ግን ለማስቀየር እንዳትሞክር፣ በእጁ ይጻፍ።

የቱሉ ዲምቱዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ሰላም ናችሁ? የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

አባቴን የነርሷን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ትተኛለህ ስለው አዎ፣ ትበላለህ ስለው አዎ፣ የልጅ ልጁ ስትመጣ ግን ዝም ብሎ አየኝ። ሞት ትመኛለህ ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ አይ ማለቱ ነው፣ ሁለቴ ደግሜ ጠይቄዋለሁ። ቁልፍ ያለውን ሸሚዝ ካስቀመጥንለት ወዲህ የጠዋቱ ለቅሶ ቀንሷል። የጥላሁንን ዘፈን ከፍቼለት አንዱን መስመር ድምፅ አውጥቶ ሲለው ታናሽ እኅቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

የጋሼን ባለቤት ግን ሳናግራት ደነገጥሁ። ሌሊት ሌሊት አይተኙም አለችኝ። ክብደታቸውም ቀንሷል፤ ሱሪያቸውን በገመድ ነው የምታጠብቀው። ቀን ሲስቁ ስለምታይ ለማንም አልተናገረችም። ዓርብ ዕለት ሁለቱንም በአንድ መኪና ወሰድናቸው። ሐኪሙ ለሁለቱም የድባቴ መድኃኒት አዘዘ፤ ለአባቴ ለለቅሶውም እንደሚረዳ ነገረን። ጥያቄዬ፦ አባቴ ደም የሚያቀጥን አስፕሪን ይወስዳል፣ አብሮ ይሄዳል? ለውጥስ መቼ እናያለን?

ነርስ ከኮተቤ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ጋሼን ይዘሽ መሄድሽ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ከአስፕሪን ጋር ሲወሰዱ መድማትን ሊጨምሩ ይችላሉ። ብዙ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሐኪሙ አስፕሪኑን ማወቁን አረጋግጪ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱንም ጭምር፣ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ሰገራው ከጠቆረ፣ ድዱ ከደማ ወይም ያለ ምክንያት ሰውነቱ ከበለዘ ሳትውዪ ሂጂ። አስፕሪኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ የሁለተኛ ስትሮክን ዕድል የሚቀንስለት እሱ ነው።

ቶሎ የሚመጣውና የሚሄደው ለቅሶ በጥቂት ቀናት ሊቀንስ ይችላል። ድባቴው ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ አላየንም ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ሲሻለውም በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ለጋሼ የእንቅልፋቸውን ሰዓት ባለቤታቸው በየቀኑ ትመዝግብ። ሲጠየቁ ደህና ነኝ ስለሚሉ ሐኪሙ የሚያየው የእሷን ወረቀት ነው። ቀጠሮው መቼ ነው የተባላችሁት?

የቱሉ ዲምቱዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለሁለቱም በአንድ ቀን። ወረቀቱን ዛሬውኑ አሠምርላቸዋለሁ።